በነርቭ የሚታዘዝ ባለሞተር ሰው ሠራሽ እግር፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቴሌግራምና በቲክቶክ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። እግሩ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው እግሮቹን እያፈራረቀ ደረጃ ይወጣል። ከሥሩ «በሐሳብ የሚታዘዝ እግር» ተብሎ ተጽፏል። ቪዲዮው በዞረ ቁጥር እግራቸውን ያጡ ሰዎች፣ እናቶቻቸው፣ ወንድሞቻቸው ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

እግሩ በሐሳብ ይታዘዛል የሚባለው እውነት ነው?

በመሠረቱ እውነት ነው። ነገር ግን እግሩ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ሐሳብ አያነብም። የሚያነበው የጡንቻን ኤሌክትሪክ ነው።

እግር ሲቆረጥ ነርቩ በሙሉ አብሮ አይሄድም። ከወገብ ተነስቶ በጭን ጀርባ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ እስከተቆረጠበት ቦታ ድረስ አለ፤ ይሠራል። አእምሮም ዛሬም ድረስ ቁርጭምጭሚቱን ያዛል። ብዙ ሰው የሌለውን የእግር ጣት ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው ለዚህ ነው። ትዕዛዙ ቁርጭምጭሚት ባያገኝም በቀሩት ጡንቻዎች ላይ ይታያል። ጡንቻ ሲኮማተር በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቀሪው እግር በሚገባበት ማቀፊያ፣ ባለሙያዎቹ ሶኬት በሚሉት ውስጥ፣ ኤሌክትሮድ የሚባሉ፣ ቆዳን የሚነኩ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መልቀሚያዎች ይገጠማሉ። እነሱ ያንን ምልክት ይለቅማሉ።

እግሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ምልክቱን ብቻውን አይጠቀምበትም። ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈና ክብደት አርፎበት እንደሆነም ይለካል። ሁሉንም አዳምሮ ባለቤቱ ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ይገምታል፤ ሞተሩንም ያዛል። ግምት አንዳንዴ ይሳሳታል። ደረጃ ሊወርዱ ሲሉ እግሩ «ሜዳ ላይ ነን» ብሎ ካሰበ ይወድቃሉ። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ትልቁ ሥራ ይህን ስህተት መቀነስ ነው።

አሁን ያደረግኩት እግርስ ምን ጎደለው?

እዚህ በብዛት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ እግር ነው። ቀላል ነው፣ ይጠገናል፣ ዝናብ አይፈራም። እኔ በጣም አከብረዋለሁ። ሞተር ግን የለውም። ተረከዝ መሬት ሲለቅ ሰውነትን ወደፊት የሚገፋው የባት ጡንቻ የለም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ዳሌና ወገብ ላይ ይወድቃል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ደረጃ ሲወጣ ደህነኛውን እግር ያስቀድማል፣ ሌላውን ይጎትታል። ከበርጩማ ሲነሳም በአንድ እግሩ ነው። ባለሞተሩ ሊሞላ የሚሞክረው ይህንን ክፍተት ነው።

እስካሁን የት የት ተሞከረ? ምንስ ተገኘ?

በብዙ ቦታ ተሞክሯል። እኔ ሦስቱን በደንብ እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቺካጎ ነው። ዛክ ቫውተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2009 በሞተር ሳይክል አደጋ አንድ እግሩን አጣ። በኖቬምበር 2012 በነርቭ የሚታዘዝ የሙከራ እግር አድርጎ የዊሊስ ታወርን 103 ፎቆች በደረጃ ወጣ። ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ቪዲዮ የእሱ ሳይሆን አይቀርም። በሌቪ ሃርግሮቭ የሚመራው ቡድን ውጤቱን በ2013 አሳተመ። እግሩ በራሱ መለኪያዎች ብቻ ሲሠራ ከ100 እርምጃ ወደ 13 የሚጠጋውን ይሳሳት ነበር። የጡንቻ ምልክት ሲጨመርበት ስህተቱ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ቡድኑ በ2015 ደግሞ በ7 ሰዎች ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ፤ እዚያም ስህተቱ ቀንሶ ተገኘ።

ሁለተኛው ቦስተን ነው። እዚያ ሥራውን የሚመራው፣ ኤም.አይ.ቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሂዩ ሄር ራሱ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች የተቆረጡ ሰው ነው። በ1982 ተራራ ላይ ብርድ መታውና አጣቸው። የእሱ ቡድን ከሐኪሞች ጋር ሆኖ አዲስ የቀዶ ሕክምና ዘዴ አወጣ። በደህና እግር ላይ አንዱ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒው ይለጠጣል፤ አእምሮ እግሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚህ ነው። በተለመደው አቆራረጥ ይህ ጥንድ ይበጠሳል። በአዲሱ ዘዴ ሁለቱ ጡንቻዎች እንደገና ይያያዛሉ። በ2024 የታተመው ሙከራ ከጉልበት በታች የተቆረጡ 14 ሰዎችን አሳተፈ። 7ቱ አዲሱ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ 7ቱ ያልተደረገላቸው ነበሩ። የተደረገላቸው ሰዎች ከፍተኛ የእርምጃ ፍጥነት ከሌሎቹ በ41 ከመቶ በለጠ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው፤ ከጡንቻ ወደ አእምሮ የተመለሰው ስሜት ከተፈጥሮው 20 ከመቶ አይሞላም ነበር። ትንሽ ስሜት ይህን ያህል ለውጥ አመጣ።

ሦስተኛው ትዕዛዝ ከመቀበል ይልቅ ስሜት መመለስ ላይ ያተኮረ ነው። የዙሪክ ተመራማሪዎች ከቤልግሬድ ሐኪሞች ጋር ሆነው በ2019 ያሳተሙት ነው። ከጉልበት በላይ በተቆረጡ 2 ሰዎች ጭን ነርቭ ውስጥ ኤሌክትሮድ ገባ። ከጫማው ሥርና ከጉልበቱ የሚመጣው መረጃ ወደ ነርቩ ተላከ። ሰዎቹ አሸዋ ላይ ሳይቀር ፈጠን ብለው ተራመዱ፣ ድካማቸው ቀነሰ፣ የሌለው እግር ሕመምም ቀለል አላቸው።

የሰዎቹን ቁጥር ልብ በሉ፦ 1፣ 7፣ 14፣ 2። ቁጥሩ ማነሱ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም። ሙከራው ግን ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ የሌላ አገር ሰውም ይፈልጋል።

ለሙከራ የግድ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል?

የግድ አይደለም። ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ብቻ የሚሠሩ አሉ። ቀዶ ሕክምና በሚፈልጉት ደግሞ ዓይነቱ ይለያያል። አንዱ ዘዴ ሥራ ያጣውን የነርቭ ጫፍ አቅራቢያው ካለ ጡንቻ ጋር ማገናኘት ነው። ቺካጎ ውስጥ ሐኪሙ ቶድ ኩይከንና የቀዶ ሐኪሙ ግሪጎሪ ዱማኒያን መጀመሪያ ለእጅ የሠሩት ነው። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ውጤቱ ወራት ይፈጃል። የቦስተኑ ዓይነት እግሩ ሲቆረጥ አብሮ ሊሠራ ይችላል፤ ቆይቶ በሌላ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ደህና የዳነ ቀሪ እግርን ለሙከራ ብሎ እንደገና ማስከፈት ከባድ ውሳኔ ነው። ኢንፌክሽን አለ፣ ማደንዘዣ አለ፣ ለወራት እግር ሳያደርጉ መቆየት አለ። «ለጊዜው ይቅርብኝ» ያለ ሰው ፈሪ አይደለም።

ሙከራ ውስጥ ብገባ ምን ያደርጉኛል?

መጀመሪያ ምርመራ ይኖራል። ቀሪው እግር፣ ቆዳው፣ የዳሌ ጉልበት፣ ደህነኛው እግር፣ ልብ ይታያል። ከዚያ ለሙከራው የሚሆን ሶኬት ይሠራል። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ሊቻኮሉበትም አይገባም። ሶኬቱ ካልገጠመ ኤሌክትሮዱ ይንሸራተታል፣ ምልክቱም ይበላሻል። ሞተሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ እግሩን ማለማመድ ነው። ተቀምጠው «የሌለውን ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይ ያንሱ፣ አሁን ወደ ታች ይርገጡ» ይባላሉ፤ ደጋግመው ያደርጉታል። ኮምፒውተሩ የእርስዎን ምልክት የሚማረው እንዲህ ነው። ትዕዛዙ በሚገባዎት ቋንቋ መነገር አለበት። አስተርጓሚ እያቀበለው ከዘገየ የጡንቻው ምልክትም ይዘገያል፤ መረጃው ተበላሸ ማለት ነው።

ከዚያ መራመድ ይመጣል። መጀመሪያ በሁለት የብረት ዘንጎች መካከል፣ ከላይ ከጣሪያ በተንጠለጠለ ማቀፊያ ታስረው። ቀጥሎ ሜዳ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ደረጃ። አንዳንዴ የሚተነፍሱትን አየር የሚለካ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ምን ያህል ጉልበት እንዳወጡ ከዚያ ይታወቃል። በየመሃሉ እግሩ ወልቆ ቆዳው ይታያል። ቀልቶ ካልጠፋ ያ ቀን እዚያ ላይ ያበቃል።

ያደክማል። እግሩም ይከብዳል፤ የቺካጎው ወደ 4.5 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሲደክምዎት ይናገሩ። ዝም ብሎ መቻል እዚህ ጥቅም የለውም። እንዲያውም ተመራማሪው እንዲያውቅ የሚፈለገው እግሩ የት ላይ እንደሚያስቸግር ነው። ችግሩን ውጠው «ጥሩ ነው» ካሉ፣ ከእርስዎ በኋላ ያንን እግር የሚያደርገው ሰው ይወድቃል።

ሙከራው ሲያልቅ እግሩ የኔ ይሆናል?

ብዙውን ጊዜ አይሆንም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ልቡ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። 103 ፎቅ የወጣው ሰው እንኳ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሙከራው እግር ቺካጎ ቀርቷል። ለሥራው ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የተመደበው ገንዘብ 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እሱ ግን የሄደው የድሮ እግሩን አድርጎ ነው።

ሙከራ እግር የሚታደልበት ቦታ አይደለም። እግሩ ምን መምሰል እንዳለበት እርስዎ የሚናገሩበት ቦታ ነው። በዚህ ስሜት ከገቡ ይጠቀማሉ፣ ይጠቅማሉም። «እግሬ ተመለሰልኝ» ብለው ከገቡ ግን የመጨረሻዋ ቀን በጣም ትከብዳለች።

«ባሕር ዳር ላይ ሙከራ አለ፣ ለመመዝገቢያ ብር አስገባ» ተባልኩ። ልክፈል?

አይክፈሉ። ትክክለኛ ሙከራ ከተሳታፊው የመመዝገቢያ ብር አይቀበልም። የትራንስፖርት ወጪ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍኑት ተመራማሪዎቹ ናቸው።

ሙከራ አለ የሚል ሰው ከመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁት። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደበት ደብዳቤ የታለ? የሚያካሂደው የትኛው ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው? ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? በአገራችን ሰው ላይ የሚደረጉ የሕክምና ሙከራዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሚመልሰው ከጠፋው ወይም ከተቆጣ ነገሩ እዚያ ላይ ያብቃ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሄዶ «እንዲህ የሚባል ሥራ አላችሁ ወይ» ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ማንም አይከፋም።

እዚህ ቢሞከር ምን ላይ መሞከር አለበት?

ይህን ጥያቄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆችም ይጠይቁኛል። የምወደው ጥያቄ ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሙከራዎች በአብዛኛው የተካሄዱት ልስልስ ወለል፣ እኩል ደረጃ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ነው። የእኛ መሬት ሌላ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ሰፈር ሲገቡ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ ባለፈ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። የጣና ዳር ድንጋይ ጥቁርና ያዳልጣል። ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርደው ወደ ገዳማቱ ሲወጡ መንገዱ በቡና ዛፎች መሃል የሚያልፍ ድንጋይና ሥር ነው። አንዷ እርምጃ ከሌላዋ ጋር አትመሳሰልም። ኮምፒውተሩ «ሜዳ»፣ «ዳገት»፣ «ደረጃ» ብቻ ካወቀ ይህንን የቱ ጋ ይመድበዋል? እዚህ ላይ ነው የነርቭ ትዕዛዝ ከተራ መለኪያ ይበልጣል ብዬ የማምነው። መሬቱን ቀድሞ ያየው ዓይን ነው፤ እግሩን ያዘዘውም ሰውየው ነው።

ጫማ ማውለቅን ያስቡ። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በሚደረገው ጫማ ተረከዝ ከፍታ ልክ ነው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይላል፤ ሰውየው ወደ ኋላ የሚጎተት ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን፣ መስጊድ ስንገባ እናወልቃለን። አንዲት እናት ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት በባዶ እግር ትቆማለች። ይህንን የማያውቅ ባለሞተር እግር ለእሷ አልተሠራም።

ስግደት አለ። ሶላት አለ። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ አለ፤ መጸዳጃችን እንደዚያ ነው። ባጃጅ ውስጥ ጉልበትን አጥፎ መግባት፣ ታንኳ ላይ መውጣት፣ ጀሪካን አዝሎ መሄድ አለ። ጀርባ ላይ 20 ሊትር ውኃ ሲጨመር እግሩ የሚለካው ክብደት ይቀየራል፤ ግምቱም ሊዛባ ይችላል። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያርም ገበሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ሞተርና ባትሪ እዚያ ምን ይሆናሉ?

ሙቀቱም አለ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሶኬት ውስጥ የሚፈጠረውን ላብ ያደረገው ያውቀዋል። ላብ ኤሌክትሮዱ ቆዳን የሚነካበትን ሁኔታ ይለውጣል። ጠዋት በደንብ የታዘዘ እግር ቀትር ላይ እንቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ጠዋት ብቻ ሳይሆን 8 ሰዓት ላይም መደረግ አለበት። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሳይሞላ ያደረ ቀንም መሞከር አለበት፤ ባትሪው ቢያልቅ እግሩ ቢያንስ እንደ ተራ እግር ቆሞ ቤት ማድረስ ይኖርበታል። ለእኔ ይህ ከፍጥነት ይበልጣል።

ስኳር አለብኝ። ለሙከራ እቀበላለሁ?

ያስቸግራል። ስኳር ነርቭንም የቁስል መዳንንም ስለሚጎዳ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በብዛት በአደጋ እግራቸውን ያጡ ጤነኛ ጎልማሶችን ነው የሚመርጡት። ይህ ያሳዝነኛል። በስኳር እግራቸውን የሚያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ያልተሞከሩበት እግር ለእነሱ ይሠራ እንደሆነ አይታወቅም። ለአሁኑ ግን ደህነኛውን እግር መጠበቅ ይቅደም። ማታ ማታ የእግርዎን ሥር በመስታወት ይዩ፤ የማይታይዎት ከሆነ ልጅዎ ይይልዎ።

ልጄን ወጌሻ አጥብቆ አስሯት እግሯ ተቆረጠ። ገና ልጅ ናት። ትሞከር?

እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። የልጅ አጥንት ያድጋል፤ ሶኬቷ በየጊዜው መቀየር አለበት። ባለሞተሮቹ የሙከራ እግሮች የተሠሩት ለአዋቂ ክብደትና ቁመት ነው። ለእሷ አሁን የሚበጃት ቀላል እግር፣ ቶሎ ቶሎ ልኬት፣ ትምህርት ቤት አለመቅረት ነው። ስትፈልግ ራሷ ትወስናለች፤ ነርቩ ይጠብቃታል።

ለሌሎች ወላጆች ደግሞ፦ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስከ ነገ አይጠብቁ። ማሰሪያው ወዲያውኑ ይፈታ፣ ልጁም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግባ።

የሌለው እግሬ ያመኛል። እያበድኩ ነው?

በፍጹም። እግራቸውን ካጡ ሰዎች አብዛኞቹ ይሰማቸዋል። የተቆረጠው ነርቭና አእምሮ የሚሠሩት ነገር ነው፣ እውነተኛ ሕመም ነው። ለሐኪም ይንገሩ፤ መድኃኒት አለ፣ በመስታወት ፊት የሚሠራ ልምምድ አለ። ነርቭን ከጡንቻ ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምናም ሕመሙን እንደሚቀንስ ታይቷል።

እስከዚያው ምን ላድርግ?

ያለዎትን እግር በደንብ ያድርጉ። ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ ነው። ሶኬቱ ከላላ ወይም ከቆረቆረ ጨርቅ ጠቅጥቀው አይቻሉት፣ ይመለሱ።

ቀሪው እግር ላይ የሚያደርጉትን ካልሲ በየቀኑ ይጠቡ። ከጭን ሥር ትራስ አድርገው አይተኙ፤ ዳሌ ታጥፎ ይደርቃል፣ በኋላ መቆም ያቅታል። በሆድዎ መተኛት ይልመዱ። የሌለውን ቁርጭምጭሚትም ቁጭ ባሉበት ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። ጡንቻው ካልሠራ ይመነምናል፤ የመነመነ ጡንቻ የሚሰጠው ምልክት ደካማ ነው። ይህ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማንበብ አልችልም። የስምምነት ፎርም ቢያመጡልኝ እንዴት ልፈርም?

በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብልዎት። ከምርምር ቡድኑ ያልሆነ፣ የሚያምኑት ምስክር አብሮ ይቀመጥ። ካልገባዎት «እንደገና» ይበሉ። ለማሰብ ቤት ሄደው ከቤተሰብ ጋር መማከር ይችላሉ፤ ዛሬውኑ ካልፈረሙ የሚል ካለ ጥሩ ምልክት አይደለም። ቪዲዮ የሚቀርጹ ከሆነ ፊትዎ እንዲታይ ይፈልጉ እንደሆነ ለብቻው ይጠየቁ።

አሻራ ካደረጉ በኋላም በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ መውጣት መብትዎ ነው። ስለወጡ የተለመደው ሕክምናዎ አይቋረጥም፣ የድሮ እግርዎም አይወሰድብዎትም። የፎርሙን አንድ ቅጂ ይቀበሉና ቤትዎ ያስቀምጡት።